ሰባት ቤት ስንቆጥር ልብንም እንቁጠር

(በባሕር ዳር ለወጣቶችና ለወላጆች በተዘጋጀ የእሑድ ከሰዓት በኋላ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)

ጤና ይስጥልኝ፤ እንደምን ዋላችሁ! አባቶቼ፣ እናቶቼ፣ እህት ወንድሞቼ፣ ከቅዳሴ መልስ ጎናችሁን ማሳረፍ ሲገባችሁ በዚህ በግንቦት ሙቀት እዚህ ድረስ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። ከኋላ ድምፄ ይሰማል? በሩ ላይ የቆማችሁ ወጣቶች፣ ፊት ለፊት ወንበር አለ፤ ግቡ፣ አትፈሩ። የእድሩ ሊቀ መንበር «ሃያ ደቂቃ ይበቃሻል» ብለውኛል። አስተማሪ መሆኔን ዘንግተው ነው መሰለኝ።

የመጣሁት ስለ ልብ ልናገር ነው። ስለ አረጋውያን ልብ ግን አይደለም፤ ስለ ደም ግፊትና ስለ ስኳር በየሬዲዮው ይነገራል። እኔ የምናገረው በአሥራ አምስትና በሃያ ዓመት ዕድሜ ላይ ስለሚገኝ፣ ከእናት ወይም ከአባት ስለሚወረስ የልብ ሕመም ነው። ባዮሎጂ አስተምራለሁና ነገሩን ከመጽሐፍ አውቀዋለሁ። ግን ከመጽሐፉ በፊት በደረቴ አውቄዋለሁ፤ ሕመሙ እኔው ጋር አለ።

ሦስት ነገር አነሣለሁ። አንደኛ፣ ሕመሙ ምንድን ነው? ሁለተኛ፣ ለምን በየቤታችን ተደብቆ ይኖራል? ሦስተኛ፣ አንድ ወጣት ከዚህ ጋር እንዴት ይኖራል? ሁለተኛው ላይ እንደምቆይ ከአሁኑ እወቁልኝ፤ የመጣሁት ለእሱ ነው።

እሺ፣ አንደኛው። በዘር የሚተላለፉ የልብ ሕመሞች ብዙ ናቸው። የልብን የኤሌክትሪክ ሥርዓት የሚያዛቡ አሉ፤ ከልብ የሚወጣውን ትልቁን የደም ቧንቧ የሚያሳሱ አሉ። እኔ ያለብኝ፣ ከሁሉም በብዛት የሚታየው፣ የልብ ጡንቻ መወፈር የሚባለው ነው። የጤነኛ ጎልማሳ የግራ ልብ ግድግዳ ውፍረት አብዛኛውን ጊዜ ከ12 ሚሊሜትር አያልፍም። 15 ሚሊሜትርና ከዚያ በላይ ሆኖ ሲገኝ፣ ደም ግፊትን ወይም የቫልቭ ጥበትን የመሰለ ሌላ ምክንያት ከሌለው፣ ሐኪሞች ወደዚህ ሕመም ያዘነብላሉ። የእኔ 19 ነው። ግድግዳው ሲወፍር ክፍሉ ይጠባል፤ ከውጭ ሲያዩት ያው ቤት ነው፣ ውስጡ ግን እንግዳ አያስቀምጥም። ልብ እንደሚገባው ደም አይሞላም። አንዳንዱ ሰው ላይ ደሙ የሚወጣበት በርም ይጠብበታል። ታዲያ ደረጃ ሲወጡ ትንፋሽ ያጥራል፣ ደረት ይወጋል፣ ልብ ድው ድው ይላል፣ አልፎ አልፎም ሰው ራሱን ይስታል። ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ የጡንቻው ክሮች አሰላለፍ ስለተመሰቃቀለ የልብ ምት በድንገት ተዘበራርቆ ሊቆም መቻሉ ነው።

«ይህ የጥቂት ሰው ችግር ነው» የምትሉ አላችሁ? በብዙ አገሮች በተደረጉ ጥናቶች ከ500 ሰው አንዱ ገደማ እንዳለበት ይገመታል። ስታዲየማችን ውስጥ 10,000 ሰው ኳስ ለማየት ቢቀመጥ 20 ያህሉ ማለት ነው። አብዛኞቹ አያውቁትም፤ ብዙዎቹም ምንም ሳይሰማቸው ዕድሜያቸውን ጠግበው ይኖራሉ። ይህን ደግሜ ልናገረው፤ ብዙዎቹ ዕድሜያቸውን ጠግበው ይኖራሉ! ከዚህ አዳራሽ ፈርቶ የሚወጣ ሰው እንዲኖር አልፈልግም።

ኳስ የምትወዱ ማርክ ቪቪየን ፎኤን ታስታውሱታላችሁ። ካሜሩናዊው አማካይ ሰኔ 19 ቀን 1995 ዓ.ም. ፈረንሳይ ሊዮን ላይ ከኮሎምቢያ ጋር ሲጫወቱ፣ አጠገቡ ማንም ሳይኖር በመሐል ሜዳ ወደቀ። አስከሬኑ ሲመረመር የተገኘው ይኸው የልብ ጡንቻ መወፈር ነበር። ዕድሜው 28፣ ሰውነቱ እንደ ዋርካ። «ጠንካራ ልጅ ነው፣ ምን ይነካዋል» የሚባል ነገር እንደማይሠራ እሱን ያየ ሰው ያውቃል።

አንድ ነገር ላጥራ። በእኛ አገር ወጣት ልቡን ታመመ ሲባል ሁሉም ሰው «ቶንሲል ነው» ይላል። ያ ሌላ ሕመም ነው፤ በጣም የተስፋፋም ነው። በወጉ ካልታከመ የጉሮሮ ቁስለት ተነሥቶ የልብ ቫልቮችን ያበላሻል፤ በየወሩ የፔኒሲሊን መርፌ የሚወጉትን ልጆች ታውቋቸዋላችሁ። የእኔው ዓይነት ግን ከጉሮሮ አይነሣም። ከብርድ አይደለም፣ ከኀጢአት አይደለም፣ ከቅቤም አይደለም። ቅቤን ያነሣሁት አንዲት ጎረቤታችን ልቤ መወፈሩን ሰምታ «ዶሮ ወጥ ቀንሺ፣ ይከሳልሻል» ስላለችኝ ነው። ፋሲካን በሽሮ እንዳሳልፍ ነበር የፈለገችው።

አሁን ወደ ሁለተኛው እንሂድ።

የአባቴ ወገኖች ዘጌዎች ናቸው። ዘጌን የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ በሬ አይጠመድባትም፣ ኑሮው ቡናና ጌሾ ነው፣ ሸክሙ ሁሉ በሰው ትከሻ ነው። አያቴ በአርባዎቹ ዕድሜ፣ የቡና ጆንያ ተሸክመው ከጫካው ወደ ጀልባ መሳፈሪያው ሲወርዱ ወደቁ፤ አልተነሡም። «መጋኛ መታቸው» ተባለ። የአባቴ ታናሽ ወንድም በዘመድ ሠርግ ላይ እስክስታ ሲመታ ወደቀ። «ዓይን ነው፤ እንዲያ አምሮበት ማን ይተወዋል» ተባለ። የአክስቴ ልጅ ሐይቁ ውስጥ ሲዋኝ ድንገት ሰጠመ፤ ጣና ዳር ተወልዶ ያደገ፣ ከታንኳ ላይ ዘሎ የሚዋኝ ልጅ! «የውኃው ጋኔን ጎተተው» ተባለ። አያችሁ? ለእያንዳንዱ ሞት ሌላ ስም ወጣለት። ስሙ ስለተለያየ ማንም ሞቶቹን ጎን ለጎን አስቀምጦ አላያቸውም።

ከዚያ የታላቅ ወንድሜ ተራ ደረሰ። 19 ዓመቱ ነበር። የቀበሌ ውድድር ላይ፣ ሁለተኛው አጋማሽ እንደተጀመረ፣ ኳስ ይዞ ሳይሆን ወደ ቦታው ሲመለስ ነው የወደቀው። ጓደኞቹ መጀመሪያ የሚቀልድ መስሏቸው ሳቁ። ከዚያ ውኃ አፈሰሱበት፣ ክብሪት ለኮሱና አሸተቱት። ደረቱን የተጫነ ሰው አልነበረም፤ የሚያውቅ አልነበረም። እነዚያ ልጆች ዛሬ ትልልቅ ሰዎች ናቸው። አንዳቸውም ጥፋተኛ አይደሉም፤ ማን አስተማራቸው?

ለቅሶው ላይ፣ ድንኳኑ ውስጥ፣ የአባቴ አክስት፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ደረታቸውን እየመቱ አንድ ነገር ተናገሩ። «እንደ አጎቱ ሄደ፤ እንደ አያቱ ሄደ፤ ይህ ዘር ቆሞ ነው የሚሞተው» አሉ። ወዲያው አንድ ዘመድ ጠጋ ብሎ «ኧረ እማማ፣ ሰው ይሰማል» አላቸው። ዝም አሉ።

ሰው ይሰማል! ሰው ቢሰማ ምን ይሆናል? የምናውቀው ነው፣ አንደባበቅ። ቤት ውስጥ ለጋብቻ የደረሱ ሴቶች ልጆች አሉ። «የእነ እገሌ ዘር ልብ አለበት» ከተባለ ሽማግሌ ሊላክ ነው? ዘር መጠየቅ ወጋችን ነው። ልጅ ስንድር እስከ ሰባት ቤት እንቆጥራለን፤ አባት፣ አያት፣ ቅድመ አያት እያልን ወደ ላይ እንወጣለን። የሚገርመው ይህ ነው፤ ሌላው ዓለም በኮምፒውተር ሊያጠናው የሚለፋበትን የዘር ሐረግ የእኛ ሽማግሌዎች በቃላቸው ይዘውታል። ማን ከማን እንደተወለደ ይነግሯችኋል። ማን በምን ሁኔታ እንደሞተ ስትጠይቋቸው ግን ወሬ ይቀይራሉ።

እኔ ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ሳለሁ ፔዳ ግቢ ውስጥ ደረጃ መውጣት አቃተኝ። አንድ ክሊኒክ ሄድኩ፤ «የፈተና ጭንቀት ነው» ብለው ቫይታሚን ሰጡኝ። ኋላ ሌላ ቦታ ያገኘሁት ወጣት ሐኪም ግን ስቴቶስኮፑን ከጆሮው ሳያወርድ አንድ ጥያቄ ጠየቀኝ፤ «ከቤተሰባችሁ ውስጥ በወጣትነቱ በድንገት የሞተ ሰው አለ?» አፌን ይዤ ቀረሁ። ለዓመታት ማንም ጠይቆኝ አያውቅም ነበር፤ እኔም ለማንም ነግሬ አላውቅም።

የልብ አልትራሳውንድ፣ ኢኮ የምንለውን፣ ያልተነሣችሁ ካላችሁ አትፍሩት። በግራ ጎን ያስተኟችኋል፣ ቀዝቃዛ ቅባት ደረታችሁ ላይ ያደርጋሉ፣ ትንሽ ዕቃ ይዘው ጎድናችሁ መሐል ይጫናሉ። አያምም። ስክሪኑ ላይ የራሴን ልብ አየሁት፤ ግራጫ ሥጋ፣ እየተጨበጠ የሚፈታ። ሐኪሙ ከግድግዳው አንድ ጠርዝ እስከ ሌላው ጠርዝ ነጭ መስመር ሳበ፣ ቁጥሩን አነበበ፣ አጥፍቶ እንደገና ሳበ፤ ያው ቁጥር መጣ። ከዚያ ወንበሩን ወደ እኔ አዞረና «ወንድምና እህት አለሽ?» አለኝ።

ይህን ጥያቄ ልብ በሉልኝ። ከክኒኑ በፊት፣ ከምክሩ በፊት «ወንድምና እህት አለሽ?» ነው ያለው። ለምን? ይህ ሕመም አብዛኛውን ጊዜ የሚተላለፈው ከሁለቱ ወላጆች በአንዱ በኩል ብቻ ነው፤ ያ ወላጅ ለሚወልደው ለእያንዳንዱ ልጅ የማስተላለፍ ዕድሉ ከሁለት አንድ ነው። ወንድ ሴት አይመርጥም። ታዲያ በእኔ ላይ ከተገኘ የእኔ ብቻ ላይሆን ይችላል። እናት፣ አባት፣ ወንድም፣ እህት፣ ልጅ፣ ሁሉም ኢሲጂ፣ ማለትም የልብን የኤሌክትሪክ እንቅስቃሴ የሚመዘግበውን ምርመራ፣ እና ኢኮ መነሣት አለባቸው። ልጅ አንዴ ታይቶ «ጤነኛ ነህ» ቢባልም አያልቅም፤ ጡንቻው በጉርምስና ዕድሜ ሊወፍር ስለሚችል በየዓመቱ ወይም በየሁለት ዓመቱ መታየት አለበት፣ አዋቂውም በየጥቂት ዓመቱ።

ለቤተሰቤ መንገር ግን ከኢኮው ይልቅ ከበደኝ። በወንድሜ ሙት ዓመት፣ ዘመድ ሁሉ በተሰበሰበበት፣ የተማሪ ደብተር ይዤ እኚያ አክስት አጠገብ ተቀመጥኩ። «እማማ፣ ይቁጠሩልኝ» አልኳቸው። እሳቸው ይቆጥራሉ፣ እኔ እስላለሁ፤ ለወንድ አራት ማዕዘን፣ ለሴት ክብ። ከሃምሳ ዓመቱ በፊት በድንገት የሄደውን በቀይ እስክሪብቶ አጠቁረዋለሁ። መጀመሪያ ሰው ሁሉ ጆሮውን ወደ ሌላ አዙሮ ነበር። ቀስ በቀስ አንዱ መጣ፣ ሌላዋ መጣች፣ «የእትዬ እገሊትን ልጅ ረሳችሁት፣ እሱም መንገድ ላይ ነው የቀረው» የሚል መጣ። ገጹ ሲሞላ ቀዩ ሁሉ በአንድ በኩል፣ ከአያቴ በታች ተሰልፎ ነበር። ማንም አልተናገረም። ከዚያ አባቴ ተነሥቶ ወደ ጓሮ ሄደ።

አባቴ ሲመረመር ግድግዳው ወፍሮ ተገኘ። ስልሳ ዓመት የሞላው፣ ጆንያ ሲሸከም የኖረ ሰው ነው፤ አንድ ቀን «ደከመኝ» ብሎ አያውቅም። ሕመሙ እንዲህ ነው፤ በአንድ ቤት ውስጥ አንዱን ሳይነካ ይኖራል፣ ሌላውን በ19 ዓመቱ ይወስዳል። ሐኪሙ ውጤቱን ሲነግረው አባቴ ባርኔጣውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አደረገና «ልጄን እኔ ነኝ የገደልኩት» አለ። «አባዬ፣ አንተም ተሰጥቶህ ነው፤ የሰጡህም አላወቁም» አልኩት። እዚህ የተቀመጣችሁ አባቶች፣ ፈርታችሁ የምትደብቁት ይህን ጸጸት እንደሆነ አውቃለሁ። ማንም በዘሩ አይከሰስም። መደበቁ ግን የሚቀጥለውን ልጅ ሳይመረመር ያስቀረዋል።

ከአጎቶቼ ልጆች መካከል የተገኘባቸው አሉ። ዛሬ መድኃኒታቸውን ይዘው በሕይወት አሉ፤ አንዷ ልጇን አቅፋ እዚህ መሐል ተቀምጣለች፤ ስሟን አልጠራም።

ሦስተኛው ላይ አጠር ላድርግ፤ ሊቀ መንበሩ ሰዓታቸውን አዩ።

ሕመሙ ያለብን ወጣቶች አልፎ አልፎ ሐይቁ ዳር ቡና እንጠጣለን። አንዱ ባጃጅ ነጂ ነበር። ራሱን ስቶ ስለነበር ሐኪሙ መንዳት ከለከለው፤ ባጃጁን ለወንድሙ አስረክቦ ሞባይል ጥገና ጀመረ። ገቢው ቀንሷል፣ እንደቀነሰም ይናገራል፤ «ምስጋና ነው» እያለ አያሳምርላችሁም። አንዷ የእጮኛዋ ቤተሰብ ሲመጣ ክኒኗን በጉትቻ ማስቀመጫ ውስጥ ትደብቃለች። ሌላው ደግሞ እናቱ የውኃ ጀሪካን እንኳን አታስነሣውም፤ የሰፈሩ ልጆች «ሙሽራው» ይሉታል። የእኔ እናትም ሕመሜን ካወቀች በኋላ ሌሊት ትነሣና እጇን ደረቴ ላይ ታሳርፍ ነበር። ነቅቼ እንደተኛሁ እሆናለሁ። እናቶቼ፣ ፍርሃታችሁ ይገባናል። ነገር ግን ልጁን አልጋ ላይ አስቀምጣችሁ ልቡን አታድኑትም። መራመድ፣ ብስክሌት ቀስ አድርጎ መንዳት፣ ሥራ መሥራት ለአብዛኞቻችን ይፈቀዳል፣ ይጠቅማልም። ውድድርና ከአቅም በላይ የሆነ ሩጫ ግን ከልብ ሐኪም ጋር ተመክሮበት ነው። የስፖርት መምህራን፣ ልጅ «ትንፋሽ አጠረኝ» ሲላችሁ «ሰነፍ» አትበሉት። እየሮጠ ራሱን የሳተን ልጅ ደግሞ ሳይመረመር ወደ ሜዳ አትመልሱት፤ ይህን እለምናችኋለሁ!

ስለ ጾምና ስለ ጠበል ሁልጊዜ እጠየቃለሁ። የሰውነት ውኃ ሲቀንስ ጠባቡ ልብ ይበልጥ ይጠባል፣ ሰውም ይወድቃል፤ በተለይ በዚህ ሙቀት። እኔ ለንስሐ አባቴ ነገርኳቸው፤ «ውኃሽን እየጠጣሽ ጹሚ፣ እግዚአብሔር ልብሽን ያውቀዋል» አሉኝ። ጠበልም እሄዳለሁ፤ ክኒኔን ግን ይዤ ነው የምሄደው። የልብ ምት የሚያረጋጉት መድኃኒቶች በድንገት ሲቋረጡ አደጋ አላቸው። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስም በሕይወት ሳሉ ኤች አይ ቪ በደማቸው ላለ ምእመናን መድኃኒቱን ከጠበሉ ጋር እንዲወስዱ መክረው ነበር። ለዚያ የሆነ ለዚህ የማይሆንበት ምክንያት አይታየኝም።

«ማግባትስ? መውለድስ?» ትሉኛላችሁ። እኔ ሽማግሌ ከመምጣቱ በፊት ለእጮኛዬ ነገርኩት፤ ደብተሩንም አሳየሁት። ሌሊቱን ሲያስብ አድሮ በማግሥቱ መጥቶ «የእኛንስ ማን ጻፈው?» አለኝ። በሐኪም ክትትል ሥር ከሆኑ አብዛኞቹ ሴቶች በሰላም ይወልዳሉ። ልጁም ከተወለደ በኋላ ይመረመራል፤ ይህንኑ ነው ያልኳችሁ።

አሁን ወደ ተግባሩ። ዴንማርካዊው ክርስቲያን ኤሪክሰን ሰኔ 5 ቀን 2013 ዓ.ም. ኮፐንሃገን ላይ ሲጫወት ልቡ ቆሞ ወደቀ። ጓደኞቹ ከበው ጋረዱት፣ ሐኪሞች ደረቱን ተጫኑት፣ በኤሌክትሪክ ንዝረት ልቡን መለሱት። ደረቱ ውስጥ የልብ ምት በአደገኛ ሁኔታ ሲዛባ በንዝረት የሚመልስ ትንሽ መሣሪያ ተቀበረለትና በሚቀጥለው ዓመት እንግሊዝ ሊግ ውስጥ ኳስ ሲጫወት አየነው። መሣሪያው ውድ ነው፣ እኛ ጋር በቀላሉ አይገኝም። እጅ ግን ሁላችንም አለን። ልብ በቆመ ሰው ላይ እያንዳንዱ ደቂቃ የመትረፍ ዕድሉን ይቀንሳል። ስለዚህ ውኃ አታፍሱ፣ ክብሪት አታሸትቱ። ሰውየው ካልመለሰላችሁና በወጉ ካልተነፈሰ አንዱ አምቡላንስ ይጥራ፣ አንዱ በጀርባው አስተኝቶ የእጁን መዳፍ በደረቱ መሐል ያድርግ፣ ሌላውን እጅ ይደርብበት፣ ክንዱን ቀጥ አድርጎ ደረቱ አምስት ሴንቲ ሜትር ያህል እስኪወርድ ይጫን። በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ፣ ሲደክመው ሌላ እየተካው፣ እርዳታ እስኪደርስ ሳያቋርጥ።

ሁለት ነርሶች የልምምድ አሻንጉሊቶች ይዘው መጥተዋል። ወንበሮቹን ወደ ግድግዳው እናስጠጋ። መጀመሪያ የኳስ አሠልጣኞችና የስፖርት መምህራን ይምጡ፤ ቀጥሎ በሩ ላይ የቆማችሁት ወጣቶች። ስለ ቤተሰባችሁ መጠየቅ የምትፈልጉ እዚያ ጥግ ያለው ጠረጴዛ ጋ እቀመጣለሁ፤ ደብተርና ቀይ እስክሪብቶ ይዣለሁ።